አሥራ ሁለተኛው ምት

ሙደሲር ምሳውን ሊጎርስ ሲል ነው የሥራ ባልደረባው ቤካ ወሬውን ጣል ያደረገበት።

«ክሊኒኩ ከኛ የወሰዳቸው የልብ መከታተያዎች እኮ ዲኤምኤ የላቸውም። አስመጪው ርካሹን ቦርድ ነው የላከው።»

ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ። ከማሽኖቹ በአንዱ ሥር ከትናንት ጀምሮ የተኙት እናቱ፣ ወይዘሮ መይሙና ናቸው። «ልጄ በሠራው ካልሆነ» ብለው ድርቅ ያሉት ራሳቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዲኤምኤ ያለው ማሽን የልብ ምቱን ከበሽተኛው የጣት መቆንጠጫ ራሱ ወስዶ ማህደረ ትውስታ ውስጥ ቁጭ ያደርገዋል። ከሌለው ፕሮሰሰሩ እየተመላለሰ አንድ በአንድ ይለቅማል። ማሽኑን የሚያዘው ፕሮግራም፣ ድራይቨሩ፣ መጀመሪያ «ዲኤምኤ አለህ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ሳይጠየቅ ከታለፈ ስክሪኑ ድርቅ ብሎ ይቀራል፤ ልብ ቢቆም እንኳ የሚጮህ ነገር የለም።

ያን ድራይቨር የጻፈው ሙደሲር ነው።

«መጠየቂያውን ጽፌዋለሁ?» አለ።

«እኔን ትጠይቀኛለህ? ለማሳያው ቀን ዲኤምኤ ባለውም በሌለውም ሠርቶ የለ እንዴ! አለቃ እንኳ አጨበጨበልህ።»

ማሳያው! ሦስት ቀን እንቅልፍ ባይኑ ሳይዞር የደረሰበት ማሳያ። ምኑን ጽፎ ምኑን በምን እንደደፈነ ዛሬ ትዝ አይለውም።

ታክሲ መጠበቅ አላስቻለውም፤ ከሰንጋ ተራ እግሬ አውጪኝ አለ። የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ? እሱ ደግሞ ክፉኛ ፈርቷል። ልቡ ደረቱን ይደልቀዋል፤ ያቺ ከልጅነቱ ጀምሮ አሥራ ሁለተኛው ምት ላይ የምትደናቀፍ ልቡ። ቢሮ ውስጥ የማያውቃት የለም፤ ዓመቱን ሙሉ ለሙከራ ተቀድታ ስክሪን ላይ የምትሄደው እሷ ናት።

ልደታ ማርያም አጠገብ ካለው ክሊኒክ ሲደርስ ነርሷ ጊፍቲ በር ላይ አገኘችው።

«ምነው ሙዴ፣ ማን አባረረህ?»

«ስክሪኑ ቆሟል?»

«ኧረ በኢየሱስ ስም! ከጠዋት ጀምሮ ሸጋ ነው የሚሠራው። እማማ አልጋቸው ላይ ውዱእ አድርገው ቅድም ሰገዱ። አትነሡ ብላቸው መች ሰሙኝ! አሁን ሸለብ አድርጓቸዋል።»

ተያይዘው ገቡ። ወይዘሮ መይሙና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ ተከናንበው ጭጭ ብለዋል። ስክሪኑ ላይ አረንጓዴው መስመር ይወጣል፣ ይወርዳል። ሰባ ሁለት። ሰባ አራት። ሰባ አንድ። ጥግ ላይ በደቃቅ ፊደል «ዲኤምኤ የለም» ይላል።

ጠይቋል! ጠይቆ በሌላኛው መንገድ ሄዷል! ሙደሲር ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። «አልሐምዱሊላህ» አለ፤ እንባው መጣ።

ከዚያ እንደ ልማዱ መስመሩን ይቆጥር ጀመር። ዘጠኝ፣ አሥር፣ አሥራ አንድ። አሥራ ሁለተኛው ላይ ደንቀፍ አለ።

«አየሽ ጊፍቲ፣ ይቺን ልብ የወረስኳት ከእማ ኖሯል!» አለ እየሳቀ።

ጊፍቲ አልሳቀችም፤ እማማ ለውዱእ ያወለቁት የጣት መቆንጠጫ ጠረጴዛው ላይ፣ ከውሃው ጆግ አጠገብ፣ እንደተቀመጠ ነበር።