በዋጋው ጎን ያለችው ኮከብ

የጉዞ ወኪሉ መስታወት ላይ የተለጠፈው ወረቀት ነጭ መርከብ፣ ሰማያዊ ባሕርና በትልቁ የተጻፈ ዋጋ አለበት። ከዋጋው ጎን የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል ኮከብ አለች። አትክልት ሻጯ ገና ከመንገዱ ማዶ ሆና አየቻት።

«ይህቺን ኮከብ አልወደድኳትም፤ ከሥሯ የተደበቀ ሌላ ዋጋ አላት» አለች።

ጎረቤቷ ልብስ ሰፊዋ ግን ቀድማት መንገዱን ተሻገረች።

የልብስ ሰፊዋ ባል ቀድሟቸው ቢሮው ገብቶ ወንበሩ ላይ ተዘርፍጧል። ጥርሱን በክብሪት እንጨት ይጎረጉርና ያወጣውን ምንጣፉ ላይ ትፍ ይላል። የትናንቱ መጠጥ ከአፉ ብቻ ሳይሆን ከኮቱም ይሸታል። ሲሰጡት ይጠጣል፣ ሲከለክሉት ይማታል። ሚስቱ በዚያ ሙቀት አንገቷ ላይ ሻርፕ የጠመጠመችው ለጌጥ እንዳልሆነ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል።

እሷ ግን የራሷን ሱቅ ልትከፍትበት ስንት ዓመት ከመርፌዋ ጫፍ የለቀመችውን ገንዘብ ይዛ፣ «የጋብቻችን በዓል ስለደረሰ በመርከብ ላንሸራሽረው ነው» ብላ ተነሳች። ሰፈሩ «ለየላት» አለ። አትክልት ሻጯ ግን ቢያንስ ወኪሉ እንዳይግጣት ብላ መደቧን ለልጇ ትታ ተከትላት መጣች።

ወኪሉ ፀጉሩን በቅባት አስተኝቶ፣ ድድ የሚያሳይ ሳቅ እየሳቀ ተቀበላቸው።

«ዋጋው ያው ያያችሁት ነው፣ እናቶቼ።»

«ሁሉን ጨምሮ?» አለች አትክልት ሻጯ።

«ሁሉን ጨምሮ። ከወደብ ክፍያው በስተቀር» ብሎ ጻፈ። «የአስተናጋጆች ጉርሻም አለ፤ በየቀኑ፣ በየሰዉ።»

«ጉርሻ በፈቃድ አይደል እንዴ?»

«በፈቃድ ነው። ግን ግዴታ ነው።»

አትክልት ሻጯ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታች። «እኔ ቲማቲም ስሸጥ ቆዳውን ለብቻ አስከፍላለሁ?»

ወኪሉ እንዳልሰማ ሆኖ ወደ ባልየው ዞረ። «ምግቡ ነፃ ነው፣ ጋሼ። መዋኛ ገንዳውም ነፃ ነው።»

«ገንዳውን ለዓሣዎቹ ተውላቸው!» ባልየው ሲስቅ ሳል ያዘውና አክታውን ዋጠ። «እኔ ውሃ ከጉልበቴ ካለፈ እናቴን ነው የምጣራው። መጠጡስ?»

«መጠጡ ለብቻ ነው። በየብርጭቆው ከከፈሉ እሳት ነው። ቀድመው ከከፈሉ ግን ከጠዋት እስከ ማታ፣ እስኪበቃዎ።»

«ይጨመር» አለች ልብስ ሰፊዋ።

አትክልት ሻጯ በጠረጴዛው ሥር ቆነጠጠቻት።

«ለሁለታችሁም?»

«ለእሱ። እኔ አልጠጣም።»

«ክፍሉስ? በዚህ ዋጋ የሚገኘው መስኮት የለውም። በረንዳ ያለው ከባሕሩ ጋር ፊት ለፊት ነው፤ ትንሽ ይጨምራል።»

«ለመተኛት በረንዳ ምን ያደርግልኛል?» አለ ባልየው።

«በረንዳ ያለው ይሁን» አለች ሚስቱ ቀስ ብላ። «ሲጠጣ ይሞቀዋል። ንፋስ ሲያገኝ ይሻለዋል።»

እርም! ለዚህ ሰው ንፋስ! አትክልት ሻጯ ፊቷን ከባልየው አዞረች። ወኪሉ ላይ አፍጥጣ፣ ብዕሩ ሲሮጥ እያየች «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» አለች፣ እንዲሰማት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

ባልየው ተነሳ። «ጉሮሮዬ ደረቀ። ማዶ ካለው መጠጥ ቤት ታገኙኛላችሁ።» ሳይጠይቅ የሚስቱን ቦርሳ ከፍቶ ገንዘብ መዥረጥ አድርጎ ወጣ። የተፋው ምንጣፉ ላይ ቀረ።

ወኪሉ ጣቱን ልሶ ገጽ ገለጠ። «ኢንሹራንስም አለን። እግዜር አያድርገውና ሻንጣ ቢጠፋ፣ ሰው ቢታመም፣ የባሰም ቢመጣ ቤተሰብ ዳጎስ ያለ ካሳ ያገኛል። በየሰዉ ነው የሚከፈለው።»

«ለእሱ ብቻ ይሁን።»

«አንቺስ?» አትክልት ሻጯ ጮኸች። «አንቺ ሰው አይደለሽም?»

«እኔ ምን እሆናለሁ» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ሻርፗን እያስተካከለች።

አትክልት ሻጯ ምራቋ መረራት። አንዱ አንገቷን ያንቃል፣ ሌላው ኪሷን፤ እሷ ደግሞ «ይጨመር» ትላለች!

«ኢንተርኔትስ?» አለ ወኪሉ።

«አያስፈልግም።»

«የመርከቡ ፎቶ አንሺ?»

«ፎቶ ይቅር።»

«መርከቡ ሲቆም ከተማ መጎብኘት?»

«ከክፍላችን ባንርቅ ይሻላል።»

ተመስገን! ነቃች ማለት ነው። አትክልት ሻጯ ቀና ብላ ተቀመጠች። ድምሩ ሲመጣ ግን መስታወቱ ላይ ካለው ዋጋ እጥፉን አልፎ ተገኘ። ልብስ ሰፊዋ በላስቲክ የታሰረውን ገንዘብ ፈታች።

«ሱቅሽን እኮ ነው የምትሰጪው! ለዚህ ቅባታም!»

«ሱቄን እከፍታለሁ» አለች ልብስ ሰፊዋ ረጋ ብላ። «ስመለስ።»

ወኪሉ ገንዘቡን መሳቢያው ውስጥ ከተተ። መጥገብ የት ያውቃል! ሌላ ወረቀት መዘዘ። «የመጨረሻዋ ናት፣ እናቴ። ከቤት እስከ ወደብ መውሰጃና መመለሻ መኪና አለን። እሱም በየሰዉ ነው።»

«በቃሽ፤ በአውቶቡስ ሂዱ» አለች አትክልት ሻጯ፣ ክንዷን እየጎተተች።

ልብስ ሰፊዋ በመስታወቱ ማዶ መጠጥ ቤቱን አየት አደረገች።

«መሄጃው ለሁለት ይሁን» አለች ቦርሳዋን እየዘጋች፤ «መመለሻው ለአንድ ይበቃል።»