ቁልፉ ያልተሰበረው ክፍል

ጎረቤት ክፍል ከተሰረቀ ወዲህ በአንድ ማደሪያ ክፍል የሚኖሩ ሦስት ተማሪዎች አዋጥተው ጡጫ የሚያህል ጓጉንቸር ገዙ። አንዳንድ ቁልፍ ያዙ፤ አራተኛውን ሁሉም ጽዳቷ ለሚሏት የጽዳት ሠራተኛ ሰጡ።

ሐሙስ ከትምህርት ሲመለሱ ከሦስቱ አንዷ፣ ቀጮ የሚሏት ልጅ ላፕቶፕ ከጠረጴዛው ላይ የለም። ጓጉንቸሩ ግን እንደተቆለፈ ነው።

"ሌባው ቁልፍ አለው ማለት ነው" አለች ሬዲዮ። ይህን ስም ያወጡላት አፏ ስለማይዘጋ ነው። ዓይኗ ዝምታ በሚሏት ሦስተኛዋ ልጅ ላይ አረፈ።

ዝምታ እናቷ ነጋዴ መሆኗን ከመናገር በቀር ስለ ቤቷ ትንፍሽ ብላ አታውቅም። ጽዳቷ ስትገባ ሁልጊዜ ብድግ ብላ ትወጣለች። አሁን ፊቷ አመድ መስሏል። ማንም ሳይጠይቃት ሻንጣዋን አራገፈች። ምንም አልተገኘም። ሬዲዮ ግን የተዘጋጀ ሌባ እንዲህ ነው ብላ ተሳለቀች።

ቀጥሎ ጽዳቷ ትፈተሽ ተባለ።

"ተዉአት። እሷ አትሰርቅም" አለች ዝምታ።

"በምን አወቅሽ?" አለቻት ቀጮ። "ሌባውን ካላወቅሽው በቀር?"

ዝምታ ያራገፈችውን ልብስ ወደ ሻንጣዋ መመለስ ጀመረች።

የግቢው ጥበቃ ተጠርቶ መጣ። ጽዳቷን ኮሪደር ላይ አቁሞ ፌስታሏን አስገለበጣት። ነጠላ ጫማ፣ ግማሽ ዳቦ፣ የሳሙና ቁራጭ ወለሉ ላይ ተበተነ። የሽርጧን ኪስም አስወጣት። ከየክፍሉ አንገቱን ያወጣ ሁሉ ያያል፤ አንዳንዱም ይስቃል። እሷ "ፈትሹ ልጆቼ፣ እንጀራዬን ብቻ አታሳጡኝ" አለች እንጂ ቀና ብላ ማንንም አላየችም። ዝምታ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ጥበቃው ባዶ እጁን ሲቀር በጓሮ ዞረ። መስኮቱ ሥር ጫፉ ላይ የሽቦ ሜንጦ የታሰረበት ረጅም እንጨት ወድቆ አገኘ። ልጆቹ የታጠበ ልብስ እንዲደርቅላቸው መስኮቱን ከፍተው ነበር የሄዱት። ስሱ ላፕቶፕ በመስኮቱ የብረት ፍርግርግ መሃል ሾልኮ ወጥቷል።

"በሩንስ ጓጉንቸሩ ጠበቀው" አለ ጥበቃው፤ ሌላ አልጨመረም።

ቀጮ አንገቷን ደፍታ ጽዳቷን ይቅርታ ጠየቀች። እሷና ሬዲዮ ዝምታንም በከንቱ ጠረጠርንሽ አሏትና ለቢሮ ሊያመለክቱ ወረዱ።

ዝምታ ወለሉ ላይ ተንበርክካ የተበተነውን መልቀም ጀመረች። ጽዳቷ ፌስታሏን ተቀበለቻት፣ ኮሪደሩን ግራ ቀኝ አየች፣ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ዛሬ የደረሰብኝን ለአባትሽ አልነግረውም፤ አንቺም ቤታችን ስትመጪ እንዳታነሺበት።"