እስቲ ይሄንንም አግጂው

ስክሪኑ ላይ «ኮንግራጁሌሽንስ!» የሚለው ቃል በቀይ ብልጭ ሲል እናትየዋ እልልታውን አቀለጠችው። እንግሊዝኛ ባታነብም ቃሉን ጎረቤት ግድግዳ ላይ ከተሰቀሉት የምርቃት ፎቶዎች በመልኩ ታውቀዋለች። በሆሳዕና ከተማው ኢንተርኔት ቤት የነበረው ሰው ሁሉ «ሃሌሉያ!» እያለ ከበባቸው።

«እማዬ፣ ማስታወቂያ ነው» አለች ልጅቷ አንገቷን ደፍታ። «መኪና ደርሶሻል ብሎ የሚያታልል። የአስራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴ ከሥሩ ነው ያለው።» እናትየዋ በኀፍረት አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ልጅቷ አንዱን ስትዘጋ ሌላው ብቅ አለ። እልህ ያዛት። የቤቱን ባለቤት አስፈቅዳ ማስታወቂያ የሚያግድ ፕሮግራም ጫነችና ገጹን እንደገና ከፈተችው። ያ ሁሉ ብልጭልጭ ድራሹ ጠፋ፤ ስሟና ውጤቷ ብቻ ቀሩ። «ዩኒቨርሲቲ ገባሁ!» ብላ ጮኸች።

እናትየዋ ግን ነጠላውን ከአፏ አላነሳችም። «እስቲ ይሄንንም አግጂው» አለች። ልጅቷ ፊቷን አይታ ሳቋን ዋጠች። ገጹን ዘጋችው፤ መልሳ ከፈተችው። ውጤቱ ንቅንቅ አላለም። «እምቢ አለኝ፣ እማዬ። ይሄ አይታገድም።» ያኔ ነጠላው ከእናትየዋ አፍ ወረደ፤ እልልታዋን ከመንገድ ማዶ የቆሙት ባጃጆች በጥሩምባ ተቀበሉት።