አምባዬ ጎጆ ወጣ

አቶ አምባዬ በሃምሳ ሦስት ዓመቱ ጎጆ ወጣ። ያውም ብቻውን፣ ያውም ጎማ ያላት ጎጆ። ናዝሬት ለአንድ ወር ሌላ ወሬ አልነበራትም።

ነገሩ የሆነው በ1971 ነው። ከዚያ አራት ዓመት በፊት የትርፍ ቤት አዋጅ ሲወጣ አምባዬና ሚስቱ አሳየች ሁለት ቤት ነበራቸው፤ አንዱ የእሱ የድንጋይ ቤት፣ ሌላው ወንጂ ሸንኮራ ሲቆርጡ ያረጁት አባቷ ያወረሷት ሁለት ክፍል። ለአንድ ቤተሰብ አንድ ቤት ተባለ። አምባዬ ለመምረጥ ሻይ እስኪበርድ እንኳ አልቆየም። «ያንቺ ጣሪያ ያፈሳል» ብሎ የእሷን አስረከበ።

አሁን ደግሞ ተራው የእሱ ሆነ። ቀበሌው የቀድሞ ባለርስቶችን ቤት የሚያጣራ ኮሚቴ አቋቁሟል ተባለ። አምባዬ ወለንጪቲ ላይ ሁለት ጋሻ መሬት ነበረው፤ መሬቱ ቢወረስም ስሙ መዝገብ ላይ ቀርቷል። የድንጋይ ቤቱን እንዳይነጠቅ ፈርቶ ምግብ እምቢ አለው። በሦስተኛው ቀን ግን ጭኑን መትቶ ተነሣ።

«እንፋታለን!»

አሳየች ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። ቢላዋው ቆመ።

«ለወረቀት ነው እንጂ፣ አንቺ ደግሞ! ቤቱን በስምሽ አደርገዋለሁ። የአገዳ ቆራጭ ልጅ ነሽ፣ ማን ይነካሻል? እኔ ሁለት ወር ራቅ እላለሁ፤ ኮሚቴው ሲበተን ተመልሼ እገባለሁ።»

«አንተ ካልክ» አለችና መክተፏን ቀጠለች።

አምባዬ የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ነው። ሽማግሌዎች ፊት የፍቺውን ውል ሲፈርም ሲያስቃቸው ዋለ። ቤቱንም «ለደከመችበት» ብሎ ሙሉውን ለቀቀላት። ሽማግሌዎቹ መረቁት።

የሚኖርበትስ? ለዚህም መላ አላጣም፤ ጎማ ያለው ነገር ቤት ተብሎ አይመዘገብም። ሞጆ ላይ አብደላ የሚባል የብረታ ብረት ነጋዴ፣ መንገድ ሠሪ ፈረንጆች ጥለዋቸው የሄዱ፣ በመኪና የሚጎተቱ ሦስት የካምፕ ቤቶች ይሸጥ ነበር። ባልና ሚስቱ ሰው እንዳያያቸው በተለያየ አውቶቡስ ሄዱ።

አምባዬ ሰፊ አልጋ ያላትን ወደደ።

«የለም» አለች አሳየች። «ላጤ ሰፊ አልጋ ምን ያደርግለታል? ቀበሌ ይጠረጥራል።»

ሦስቱንም ገብታ አየች። ግድግዳውን በጡጫዋ መታች፣ ወለሉን በተረከዟ ረገጠች፣ በሩን ደጋግማ ከፍታ ዘጋች።

«ይቺ ክረምት ትችላለች?» ብላ አብደላን ጠየቀችው።

«ዋላሂ፣ ሃያ ክረምት!»

«ምድጃስ?»

«ሁሉ አላት እትዬ። ወንድ ልጅ ያለ ሴት ይኖርባታል።»

«እንግዲያው ይቺን ውሰድ» አለችው አምባዬን።

«ለሁለት ወር እኮ ነው!»

«ይሁን። ብርድ እንዳይመታህ ብዬ ነው።»

አምባዬ ደረቱን ነፋ። ዕቃውንም እሷው ሸከፈችለት፤ ካፖርቱን፣ የፋሲካ ልብሱን፣ የአባቱን ፎቶግራፍ ሳይቀር። ቀበሌ ድንገት ቢፈትሽ የወንድ ዕቃ እንዳያገኝ ነው አለችው። «ብልሃቱን ከእኔ ተማርሽው» አላት።

ጎጆዪቱ ተጎትታ ባቡር ሐዲዱ ዳር ቆመች። አምባዬ ጠባብ አልጋው ላይ ጉልበቱን አጥፎ እየተኛ፣ በቀበሌው ይስቅ ነበር። አሳየችን ገበያ ላይ ሲያገኛት እንደማያውቃት አንገቱን አዙሮ ያልፋል።

በአምስተኛው ሳምንት ግን ለቀበሌው ስም የሌለው ጥቆማ ደረሰው። «የአምባዬ ፍቺ ማታለያ ነው» ይላል። እውነት ከሆነ ቤቱም ይወረሳል፣ እሱም ይታሰራል። አምባዬ የጠቆመውን ለማወቅ አልተቸገረም፤ አጥር እየገፋ አሥር ዓመት ሲጨቀጭቀው የኖረው ጎረቤቱ ኃይለየሱስ ነው። ሌላ ማን ይሆናል?

እሁድ ጠዋት ነዋሪው ለስብሰባ ተጠራ። እግዚአብሔር የለም እያለ በየሳምንቱ የሚያስተምረው ሊቀመንበር፣ ጓድ ቀነኒሳ፣ ወንጌል አስመጣ።

«ፍቺህ የእውነት ከሆነ ማል!»

አምባዬ ኃይለየሱስን አፍጥጦ እያየ ማለ። ያውም እንዴት ያለ መሐላ!

«ይህችን ሴት ዳግም ሚስቴ ብል፣ ደጇን ብረግጥ፣ ከቤቷ አንዲት ድንጋይ የእኔ ናት ብል፣ መድኃኔዓለም አይማረኝ!»

ጸሐፊው ቃሉን ጻፈ፣ አምባዬ ፈረመበት። አሳየች ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ተንሰቀሰቀች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ አምባዬም «አቤት ስትችልበት!» እያለ በልቡ አደነቃት።

«ቶሌ» አለ ቀነኒሳ ረክቶ። «ቤቱ የወይዘሮ አሳየች ነው። ይህ ሰው ደጇ ላይ ከታየ አብዮት ጥበቃ ይጠራ። መዝገቡ ተዘግቷል።»

ሁለት ሳምንት ቆይቶ ኮሚቴው ተበተነ። አምባዬ በዚያው ቀን ጺሙን ተላጨ፣ ሸሚዝ ለወጠ፣ አንድ ኪሎ ሥጋ ገዛ። ከምሳ በኋላ ሙቀቱ ሰፈርተኛውን ቤት ሲከተው ጠብቆ፣ ሻንጣውን አንጠልጥሎ የድንጋይ ቤቱን በር አንኳኳ።

«አሳየች! ክፈቺ እንጂ፣ አለቀ እኮ! ያን ኃይለየሱስን ጉድ ሠራነው!»

በሩ አልተከፈተም። መስኮቱ ተከፈተ።

«ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ፣ አቶ አምባዬ» አለች አሳየች፤ «ሌላ ጥቆማ አያስጽፉኝ።»