የአበጋዙ አጃቢ

ሟቹ ልጅ ቀለም የቀባቸው፣ አውራ ጣት የማያህሉ የሳሙራይ፣ የጥንት ጃፓን ጦረኞች፣ ምስሎች ጠረጴዛው ላይ ተሰልፈዋል። በእነሱ የሚካሄደውን የጦርነት ጨዋታ ለአባቱም፣ ግንባር ላይ ልጁ በአጃቢነት ላገለገለው ሻምበልም ያስተማረው እሱ ነበር። በሙት ዓመቱ ሁለቱ ሊጫወቱ ፊት ለፊት ተቀመጡ።

«እንዴት እንደሞተ እስቲ ድገምልኝ» አሉ አባት።

«ጋሼ፣ ተኩስ ሲከፈትብኝ ማንም ሳያዘው ዘሎ ከፊቴ ቆመ።»

የአባት ቀስተኛ በሻምበሉ አበጋዝ ላይ አነጣጠረ። በጨዋታው ሕግ፣ አጃቢው ለጌታው ይሙት አይሙት የሚወስነው ባለነጥቡ መጣያ፣ ዳይሱ፣ ነው። ሻምበሉ ግን ዳይሱን ሳይነካ፣ አጃቢውን በጣቱ ወደ ቀስቱ ገፋው።

አባት ትንሹን አጃቢ አንስተው ወደ ቦታው መለሱት።

«መጀመሪያ ዳይሱን ጣል» አሉ ቀስ ብለው። «ከዚያ የልጄን አሟሟት እንደገና ትነግረኛለህ።»