ሲረክስ ንገረኝ

ሰሊጥ ነጋዴውን ስትሮክ ከመታው ሦስት ሳምንቱ ነው። ከሰውነቱ ሁሉ የሚታዘዝለት ዓይኑ ብቻ ነው። ሚስቱ እታፈራሁ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ስልኩን አነሳች።

«አይዞህ፣ ነገ ይቺን የወርቅ ሐብሌን ሸጬ አዲስ አበባ አሳክምሃለሁ። እስከዚያው ገበያውን እኔ ልከታተልልህ» አለችው። ከዚያም ስልኩ ውስጥ ሆኖ ቀን ከሌት ዋጋ የሚጠብቅለትን ረዳት ጠየቀችው፦ «‹ዋጋው እዚህ ሲደርስ ንገረኝ› ያለህን ሁሉ እስቲ ዘርዝርልኝ።»

ነጋዴው ሊጮህ ፈለገ። ከጉሮሮው የወጣው ግን ማንኮራፋት የሚመስል ድምፅ ብቻ ነበር። እሷም ውሃ የጠማው መስሏት ብርጭቆውን ወደ ከንፈሩ አስጠጋችለት።

«ሦስት አሉ» አለ ረዳቱ በለሰለሰ ድምፁ። «አንደኛ፣ ሰሊጥ ሲወደድ። ሁለተኛ፣ ማሾ ሲወደድ። ሦስተኛ፣ ወርቅ ሲረክስ።»

«ወርቅ? አንተ ሰውዬ፣ ወርቅ ደግሞ ምን ያደርግልሃል?» ብላ ሳቀችበት።

ረዳቱ ጥያቄው ለራሱ የቀረበ መሰለውና መለሰ፦ «ማስታወሻው እንዲህ ይላል፤ ‹እታፈራሁ ሳታውቅ እውነተኛውን ሐብል መልሼ እንድገዛላት።›»

ነጋዴው ዓይኑን ጨፈነ። ሲገልጠው እጇ አንገቷ ላይ ነበር።