ከሠርጉ በፊት አንድ ድምፅ

በምርጫው ዕለት ሲላስ የድምፅ ሳጥኑ ከተቀመጠበት መጠጥ ቤት ደጃፍ ቆሞ፣ ኪሱ ውስጥ ያለችውን ቀለበት እያሻሸ፣ ወይዘሮ ታቢታ ተራዋ እስኪደርስ በዐይኑ ይከተላት ነበር። የኒው ጀርሲ ሰዎች ከእንግሊዙ ንጉሥ ከተላቀቁ ወዲህ፣ ባሏ የሞተባት ባለርስት ሴት እንደ ወንዶቹ ትመርጣለች፤ ያገባች ግን ድምፅ የላትም። ጠዋት "አግቢኝ" ሲላት፣ "መጀመሪያ ልምረጥ" ብላው ነበር። እሱም ለምክር ቤት የሚወዳደር ሰው ነውና አልከፋውም።

"የምትመርጪውን እናውቀዋለን!" አላት አንዱ ሰልፈኛ።

"ካወቅከውማ ምን አሰለፈኝ?" ብላ ሰዉን አሳቀችው። የታጠፈችውን ወረቀት ከጓንቷ አውጥታ ሳጥኑ ውስጥ ከተተችና፣ ዘር እንደሚቀብር ሰው በጣቷ ገፋ አደረገቻት። ከዚያ ባዶ እጇን ለሲላስ ዘረጋችለት። "በል፣ አሁን አግባኝ።"

ሲላስ ቀለበቱን አጠለቀላት። "ድምፅሽንም እጅሽንም በአንድ ቀን!"

"እጄን ነው እንጂ፣ ድምፄንማ ለባለወፍጮው ሰጠሁት።"

"ለተፎካካሪዬ? ምነው፣ ምን በደልኩሽ?"

"በረዶው እስኪቀልጥ ትሬንተን ምክር ቤት ተጎልተህ ስትከራከር፣ እኔ ብቻዬን እሳት ልሞቅ ነው? ከእንግዲህ የምትመርጠው አንተ ብቻ ነህ፤ የመጨረሻዋን እንኳ ለራሴ ላውላት ብዬ ነው።"

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ሲላስ ገና አልመረጠም ነበር። የገዛ ስሙን የጻፈበትን ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ ለሁለት ቀደደው።

"የባለወፍጮውን ስም የምጽፍበት ቀለም ያለው ሰው አለ?" ሲል ጠየቀ።